«የእናቴን እድር ሂሳብ አበላሸሁ፤ ሙያውን ልተወው?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዕድሜዬ 26 ነው። የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። ሁለት ዓመት በሂሳብ ሠራተኛነት ከሠራሁ በኋላ ፕሮግራሚንግ በኢንተርኔት ተማርኩ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት በጀማሪነት ቀጠረኝ። ኮድ መጻፍ እወዳለሁ። የጻፍኩት ነገር ሲሠራልኝ እራት መብላት እረሳለሁ።

ችግሬ እንዲህ ነው። ሥራ ሲሰጠኝ ወዲያው ኪቦርድ ላይ ነኝ። መጀመሪያ ፈጥኜ እሄዳለሁ፤ ከዚያ አንድ ቦታ እቆማለሁ። ያንን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ እቀመጣለሁ። ቲም ሊደሬ «አንቺ ፕሮሰስ የለሽም፤ ፕሮሰስ ተከተይ» ይለኛል። ምን ማለት እንደሆነ ስፈልግ አንዱ ዋተርፎል፣ አንዱ ስክረም፣ አንዱ ካንባን ይላል። ካነበብኩ በኋላ የባሰ ግራ ተጋባሁ።

ትልቁ ጉድ ደግሞ ሰፈር ውስጥ መጣ። እናቴ የእድራቸው ደብተር እንደተቀዳደደ ስትነግረኝ «እኔ ፕሮግራም እሠራላችኋለሁ» አልኳት። አባላቱ 64 ናቸው። በወር 100 ብር ያዋጣሉ፤ ቀን ያሳለፈ 20 ብር ይቀጣል። በሁለት ሌሊት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ ጨረስኩ። የዕዳ ዝርዝሩን ፕሪንት አድርጌ ለእናቴ ሰጠኋት። ኩራቷ ሌላ ነበር፤ ስብሰባ ላይ አስነበበችው። ዝርዝሩ ሁሉም ሰው የአንድ ወር ዕዳ አለበት ይላል። ለካ ጳጉሜን እንደ ወር ቆጥሬዋለሁ። ከሁሉም ያሳመመኝ ግን ሌላ ነው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እማማ ሐዘን ላይ በነበሩበት ወር ተቀጥተው ስማቸው ተነበበ። እድሩ ሐዘንተኛ አይቀጣም። ይህ ግን የትም አልተጻፈም፤ እኔም አላወቅኩም። እማማ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡ አለችኝ እናቴ። እኔንም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላኝ ዝም አለች።

ከዚያ ወዲህ ላስተካክል ብዬ ስነካካው ፕሮግራሙ ጭራሽ ዝርዝሩ መሃል ላይ ይቆማል። የትኛው አባል ላይ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። ወደ ሂሳብ ሥራዬ ልመለስ? ወይስ ይሄ ፕሮሰስ የሚባለው ነገር የሚለመድ ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከገርጂ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ነጠላቸውን ሳብ ያደረጉት እማማ ጋ ስደርስ ቆምኩ። አንቺም እዚያው የቆምሽ ይመስለኛል። ስለዚህ ስለ ኮድ ከማውራታችን በፊት ከእናትሽ ጋር ሆነሽ ቤታቸው ሂጂ። ስለ ፕሮግራም ማስረዳት አያስፈልግም። «እማማ፣ ስህተቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ ቅጣት የለብዎትም» በያቸው፤ ይበቃል። ቡና ይፈላ ይሆናል፤ ተቀመጪ፣ አትቸኩዪ። ይህን ሳታደርጊ ፕሮግራሙን ብታስተካክዪው እንኳ በከፈትሽው ቁጥር ትዝ የሚሉሽ እሳቸው ናቸው።

ሙያውን ልተወው ወይ ላልሽው፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መተው የፈለግሽው ኮድ መጻፍ ሰልችቶሽ ነው ወይስ አፍረሽ? «እራት መብላት እረሳለሁ» ያለች ሰው የሰለቻት አትመስለኝም። አፍረሽ ከሆነ ውሳኔውን ለሁለት ወር አቆዪው። ሁለት ወር ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔም የጀመርኩት እንዳንቺ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም ሠራሁ። ለታካሚው በስልኩ አጭር መልእክት ይልካል። እንግዳ ተቀባይዋ «ሁለት ሰዓት» ስትል ጠዋት ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ 8:00 ብሎ እንዲይዘው አደረግኩ። መልእክቱም 8:00 ብሎ ወጣ። ታካሚዎቹ ግን ስምንት ሰዓት ብለው አነበቡት። አንዲት እናት ከሰበታ ልጇን አዝላ ከምሳ በኋላ መጣች። ሐኪሙ ጠዋት ጠብቆ፣ ጠብቆ ሄዷል። ልጁ ትኩሳት ነበረው። እሷ ስልኳን አውጥታ መልእክቱን ደጋግማ ታሳየን ነበር። ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ኮዴን ያን ቀን ማታ መስመር በመስመር አየሁት፤ ያሰብኩትን በትክክል ይሠራል። የጎደለው ሳልጠይቅ ያለፍኩት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህን መልእክት የሚያነበው ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1999 ናሳ ወደ ማርስ የላከው አንድ መንኮራኩር የጠፋው በዚሁ ዓይነት ክፍተት ነው። መሬት ላይ ያለው አንዱ ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በፓውንድ አስልቶ ያወጣል፤ ቁጥሩን የሚቀበለው ደግሞ በኒውተን ነው ብሎ ይወስዳል። በሁለቱም ወገን ማስላት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። በምን መለኪያ እንደሚነጋገሩ ግን በጊዜው አልተጣራም። ይህን የምነግርሽ የሳትሽበትን ቦታ እንድታዪው ነው። የአንቺም ስህተት የገባው ኪቦርዱን ከመንካትሽ በፊት ነው።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ ያስደሰተኝን ነገር ልንገርሽ። አንቺ ፕሮሰስ አለሽ። ሁለት ዓመት ኖረሽበታል። ሂሳብ ሠራተኛ ሳለሽ ቫውቸር፣ ማለትም የክፍያ ማስረጃውን፣ ሳታዪ መዝገብ ላይ የጻፍሽበት ቀን አለ? መጀመሪያ ቫውቸሩን ታያለሽ፤ ፊርማውን ታረጋግጫለሽ። ጆርናል ላይ ታሰፍሪያለሽ፣ ወደ ሌጀር ታዘዋውሪያለሽ፣ ከዚያ ትሪያል ባላንስ ታወጪያለሽ። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ካልመጣ ወሩን አትዘጊም። ያንን ሁሉ የምታደርጊው ገንዘቡ የሰው ስለሆነ ነው። ታዲያ ኮድ ላይ ስትደርሺ ለምን ተውሽው? ምናልባት ፕሮግራሚንግ ፈጣን ሰዎች የሚሠሩት ነገር መስሎሽ ይሆናል። ቪዲዮዎቹ ላይ ሁሉም ሰው ሳያስብ ሲጽፍ ስለምናይ ብዙዎቻችን እንደዚያ ይመስለናል።

ሶፍትዌርም የራሱ ቫውቸርና ትሪያል ባላንስ አለው። ችግሩን ትረጃለሽ። ምን ሲሆን «አለቀ» እንደሚባል ትጽፊያለሽ። እንዴት እንደሚሠራ ታስቢያለሽ፤ ከዚያ ኮድ፣ ከዚያ ፍተሻ። በመጨረሻ ለሰው ትሰጫለሽ፣ ሲጠቀምበትም እያየሽ ታስተካክያለሽ። ግራ ያጋቡሽ ስሞች በአብዛኛው የሚለያዩት በእነዚህ መካከል ስንት ጊዜ እንደምትመላለሺ ነው። ዋተርፎል የሚባለው፣ ደረጃዎቹን እንደ ፏፏቴ ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው ሥዕል፣ የሶፍትዌር ባለሙያው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ካቀረበው ጽሑፍ ጋር ይያያዛል። እሱ ራሱ ግን ደረጃዎቹን አንዴ ብቻ ወርዶ መጨረስ አደገኛ እንደሆነ እዚያው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ የተሰበሰቡ 17 ሰዎች አጃይል የሚባለውን የሶፍትዌር አሠራር መግለጫ ሲጽፉ ያጎሉትም ትንሽ ሠርቶ፣ አሳይቶ፣ አስተካክሎ መቀጠልን ነው። ስሞቹን ለጊዜው ተያቸው። እድሩን እንያዝ።

ቅዳሜ ላፕቶፑን ቤት ትተሽ ወደ እድሩ ጸሐፊ ሂጂ። ደብተርና እስክርቢቶ ብቻ ያዢ። «ሕጋችሁ ምንድን ነው?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። እንደዚያ ከጠየቅሽ የሚነግሩሽ የተጻፈውን ነው። አንቺን የጎዳሽ ደግሞ ያልተጻፈው ነው። ይልቅ ያንን የተቀዳደደ ደብተር ገልጠው ያሳዩሽ። ያለፈውን ዓመት አንድ በአንድ ጠይቂያቸው። «እኚህ ለምን ተቀጡ? እኚህስ ሳይከፍሉ ለምን አልተቀጡም?» ያኔ መምጣት ይጀምራል። «እሳቸውማ ልጃቸው ሆስፒታል ተኝቶባቸው ነበር።» «እሳቸውን ከአገር ቤት እስኪመለሱ ታግሰናቸው ነው።» «እሷ የሦስት ወር አስቀድማ ከፍላለች፤ ይኸው ጠርዙ ላይ ጽፌዋለሁ።» ጠርዙን በደንብ እዪው። በሌላ ቀለም የተጻፈውን፣ የተሰረዘውን፣ ክብ የተደረገበትን ሁሉ ምን እንደሆነ ጠይቂ። የእድሩ እውነተኛ ሕግ ያለው እዚያ ነው።

አንዳንዱ ላይ ጸሐፊው ራሳቸው ቆም ብለው «እሱን እንኳ ኮሚቴው ነው የወሰነው» ይሉሻል። ይህቺን ቃል አስምሪባት። ፕሮግራም የማይወስናት፣ ሰው የሚወስናት ነገር ናት ማለት ነው። በኮድ ልፍታት ብለሽ አትድከሚ። ለእሷ የምትሠሪው አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ነው፦ ጸሐፊው «ምሕረት» ብለው ምክንያቱን የሚጽፉበት። እማማን አንገት ያስደፋው ያ ሐፍረት የመጣው ይህቺ ቦታ ስለሌለች ነው።

ማታ ቤትሽ ስትገቢ አሁንም ላፕቶፑን አትክፈቺው። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጣትሽን ይበላሻል። ከደብተሩ ሦስት ሰው ምረጪና በእጅሽ አስዪ። አንዷ 12ቱንም ወር በጊዜው የከፈለች ትሁን፤ ዕዳዋ ዜሮ ነው። ሁለተኛዋ ሁለት ወር ያልከፈለች፣ በአንዱ ወር ሐዘን ላይ የነበረች ትሁን። 200 ብር መዋጮ፣ በሌላው ወር 20 ብር ቅጣት፤ 220 ብር። ሦስተኛዋ ታኅሣሥ ላይ አዲስ የገባች ትሁን። ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ ዘጠኝ ወር ነው፤ በዓመቱ የሚጠበቅባት 900 ብር ነው።

አሁን የድሮውን ፕሮግራምሽን ሦስተኛዋ ላይ ሞክሪው። 1,000 ይልሻል። ጳጉሜ እዚያች 100 ብር ውስጥ ተደብቃለች። የወር ደመወዝ ጳጉሜ ላይ ለብቻው እንደማይከፈል አንቺ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂያለሽ፤ ፔይሮል ሠርተሽ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን 13ኛ ወር ካልሽው 13ኛ ወር ነው። ይህቺ ወረቀት ከስብሰባው በፊት በእጅሽ ብትኖር ስህተቱን በአምስት ደቂቃ ታገኚው ነበር። በሙያው ቴስት የሚባለው ይኸው ነው። መልሱን አስቀድመሽ ታውቂያለሽ፤ ፕሮግራሙ እዚያ መድረሱን ታያለሽ። የአንቺ ትሪያል ባላንስ ናት።

ከዚያ ሥራውን ቆራርጪው፤ መጀመሪያ በአማርኛ። «አባሉ የገባበትን ወር አንብብ። እስካሁን ስንት ወር እንደሚጠበቅበት ቁጠር፤ ጳጉሜን ዝለል። የከፈለውን ቀንስ። ምሕረት ለሌላቸው ያለፉ ወራት ቅጣት ጨምር።» አራት ሥራ ነው። እያንዳንዱ አንድ ፈንክሽን፣ ራሱን የቻለ ትንሽ የኮድ ክፍል፣ ይሆናል። የመጀመሪያውን ጻፊ፣ በሦስቱ ሰዎች ሞክሪው። ከሠራ ጊት ላይ (የኮድሽን ያለፉ ቅጂዎች በሚያስቀምጠው ፕሮግራም) ኮሚት አድርጊ፣ ማለትም የሠራውን ቅጂ አስቀምጪ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፊ። አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው የሚበላሽብሽ አራቱን አንድ ላይ አቡክተሽ ስለምትይዣቸው ነው። ኮሚት ካደረግሽ ደግሞ ቢበላሽ እንኳ ወደ ትናንቱ መመለስ ትችያለሽ። ሌሊት ሰባት ሰዓት የሚያስቀምጥሽ ፍርሃት «ካሁን በኋላ የነበረውንም አጣዋለሁ» የሚለው አይደለም ወይ?

ዝርዝሩ መሃል ላይ ስለሚቆመው ነገር። 64 አባላት አሉሽ። ዝርዝሩን ለሁለት ክፈዪውና የመጀመሪያዎቹን 32 ብቻ አስገቢ። ቆመ? ችግሩ እነሱ ውስጥ ነው። አልቆመም? ከቀሩት ውስጥ ነው። ቀጥሎ 16፣ ከዚያ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ችግሩ አንድ ሰው ላይ ከሆነ በስድስት ሙከራ ትደርሺበታለሽ። ስታገኚው የተመዘገበበትን ቀን እዪ። እኔ የምጠረጥረው ጳጉሜ 6 ነው። ብዙ ሰው ኮድ ሲጽፍ ጳጉሜን አምስት ቀን ብሎ ያስራታል። በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ፣ ስድስት ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍዪው ቀሪው 3 ከመጣ ያ ዓመት ነው። 2015 እንደዚያ ነበር፤ 2019ም እንዲሁ ነው። ግምቴ ላይመታ ይችላል። ስድስቱን ሙከራ ግን አትዝለያቸው። ስትፈልጊም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ሦስት ነገር ቀይረሽ ቢሠራልሽ የትኛው እንዳሠራው አታውቂም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ትመለሻለሽ።

ግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ ከቆምሽ ለሰው አስረጂ። ውጭ አገር አንዳንድ ፕሮግራመሮች ጠረጴዛቸው ላይ የላስቲክ ዳክዬ አስቀምጠው ኮዳቸውን መስመር በመስመር ለእሷ ያስረዳሉ። ጮክ ብለው ሲናገሩት የዘለሉትን ይሰሙታል። አንቺ ደግሞ እናትሽ አሉልሽ። ቡናው እስኪፈላ «እማዬ፣ መጀመሪያ እንዲህ ያደርጋል፣ ቀጥሎ እንዲህ» በያቸው። ኮድ አያውቁም፤ እድር ግን ከአንቺ በላይ ያውቃሉ። ያኔ ብትነግሪያቸው ኖሮ «ጳጉሜ ደግሞ ማን ይከፍላል?» ይሉሽ ነበር። ደግሞም ስብሰባ ላይ ያፈሩት እሳቸው ናቸው። ማስተካከሉ ላይ አብረውሽ ቢኖሩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ሁለት ወር ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ደብተሩን አታስጥያቸው። አዲስ ደብተር ግዢላቸው እንጂ። ሁለት ወር ጸሐፊው በደብተሩ ይጻፉ፣ አንቺም በፕሮግራሙ መዝግቢ። ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ሁለታችሁ ብቻ ተቀምጣችሁ አስተያዩት። ልዩነት ሲመጣ አንዳንዴ የተሳሳተው ፕሮግራሙ ይሆናል፣ አንዳንዴም ደብተሩ። ደብተሩ ሲሆን ጸሐፊውን በሰው ፊት አታሳጪያቸው፤ ለብቻቸው አሳዪያቸው። የሰው ስም ያለበት ዝርዝር ከእንግዲህ ሳይታይ ስብሰባ ላይ አይነበብ። ሁለቱም ወር ከገጠመ እንግዲህ ኮሚቴው ይወስን።

ቢሮሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ቲም ሊደርሽ «ፕሮሰስ የለሽም» ብሎ ብቻ ማለፉ ልክ አይመስለኝም። ጀማሪን ማሳየት የእሱም ሥራ ነው። ቅር ሳይልሽ «ባለፈው የሠራኸውን ሥራ ከመጀመሪያው እንዴት እንደያዝከው አንድ ቀን አሳየኝ» በይው። አብዛኛው ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ከአንቺ በኩል ደግሞ አዲስ ሥራ ሲሰጥሽ ምንም ኮድ ሳትጽፊ በቴሌግራም አራት አጭር መስመር ላኪለት፦ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ያልገባኝ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የምሠራው ይህን ነው፤ አለቀ የምለው ይህ ሲሆን ነው። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብሽ ነው። ሁለተኛዋን መስመር መጻፍ መጀመሪያ ላይ ያሳፍርሻል። «ይሄንንም አታውቅም» የሚባል ይመስልሻል። ጻፊያት። ሌሊት ሰባት ሰዓት የምታገኚውን ጥያቄ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አገኘሽው ማለት ነው፤ ጠዋት ደግሞ የሚመልስልሽ ሰው አጠገብሽ አለ።

የሚለመድ ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ ይለመዳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የዘገየሽ ይመስልሻል፤ ሌሎቹ ሲጽፉ አንቺ ወረቀት ላይ ነሽ። ያንን ጊዜ ቻዪው። ሁለት ወሩ ሲያልቅ፣ የእድሩም ሂሳብ ሲገጥም፣ ያኔ ተቀምጠሽ ስለ ሙያው አስቢ። ወደ ሂሳብ ሥራ መመለስ ከፈለግሽም ነውር የለውም፤ ግን ፈልገሽው ይሁን።

ሦስቱን ሰዎች በእጅሽ አስልተሽ ፕሮግራሙ ላይ ስትሞክሪያቸው ጻፊልኝ። ታኅሣሥ ላይ የገባችዋ 900 መምጣቷን ማየት እፈልጋለሁ። እማማንም ሰላም በይልኝ።